ማልያ ያልደረሰው ልጅ

በትምህርት ቤታችን የ25ኛ ዓመት በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን 25ኛ ዓመት ለማክበር በተሰበሰብንበት በዛሬው ቀን፣ ዘንድሮ ትምህርታችንን ፈጽመን የምንሰናበት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ንግግር እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን የሚሰማን ደስታ ከፍ ያለ ነው። ስለ ምን እንናገር ብለን በተመካከርን ጊዜ አንዳንዶቻችን ስለ ትምህርት ጥቅም፣ አንዳንዶቻችን ስለ ንጽሕና፣ ሌሎቻችንም ስለ አገር ፍቅር ይሁን ብለን ነበር። እነዚህ ሁሉ መልካም አርእስት ናቸው፤ ነገር ግን ከእኛ ይልቅ በሚያውቁ ሰዎች በየዓመቱ ሲነገሩ ሰምተናቸዋል። እኛ ግን ከሁለት ዓመት ጀምሮ በልባችን የቆየ አንድ ነገር አለና፣ እርሱን ሳንናገር ከዚህ ግቢ ብንወጣ ሕሊናችን የሚያርፍ አልመሰለንም። ነገሩን በቀጥታ ለመናገር ስላፈርን፣ በአንድ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ታሪክ ውስጥ አድርገን ልናቀርበው ቈርጠናል።

ይህ ሰው ቢል ራሰል ይባላል። አገሩ አሜሪካ ነው። የኮሌጅ ተማሪ በነበረበት ዘመን የመካከል ተጫዋች ሆኖ የሠራው ሥራ የጨዋታውን ሕግ እስከ ማስለወጥ የደረሰ ነው። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጨዋታውን ለማያውቁ ወላጆቻችን ጥቂት ማስረዳት ይገባናል። የቅርጫት ኳስ በ1891 በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ተጀመረ። የጀመረውም ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ መምህር ነው፤ ያስተምርበት የነበረው ቤት እኛ ወወክማ ብለን የምንጠራው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ነበረ። የክረምቱ ብርድ ተማሪዎቹን ከሜዳ ስላስቀራቸው፣ የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት በአዳራሹ ውስጥ ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ኳስ እንዲጥሉበት አደረገ። የጨዋታው ስም ከዚያ የመጣ ነው። በየወገኑ አምስት ሰዎች ይሰለፋሉ። ከአምስቱም አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚረዝመው፣ በቅርጫቱ አጠገብ ይቆማል፤ እርሱም ሴንተር ወይም የመካከል ተጫዋች ይባላል። ሥራው ከቅርብ ሆኖ ማግባት፣ ቅርጫቱን ስቶ የሚመለሰውን ኳስ ከአየር መልቀም፣ ባላጋራ የሚጥለውንም ማክሸፍ ነው። ያገባ ሰው ነጥቡ ይጻፍለታል። ያከሸፈው ሰው ግን፣ በራሰል የተማሪነት ዘመን ሥራው በይፋ አይቈጠርለትም ነበር። ይህን ነገር በልባችሁ እንድታቆዩልን እንለምናለን።

ቢል ራሰል በ1934 በሉዊዚያና ግዛት በሞንሮ ከተማ ተወለደ። በዚያ አገር በዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይቶ ይኖር ነበር። አባቱ አንድ ቀን ነዳጅ ሊቀዳ ሄዶ፣ ነጮቹ ሁሉ እስኪስተናገዱ ድረስ እንዲጠብቅ ቢደረግ ትቶ ለመሄድ ተነሣ፤ ባለ ማደያውም ጠመንጃ ደገነበት። እናቱም አንድ ቀን ያማረ ልብስ ለብሳ ብትወጣ፣ ፖሊስ ይህ የነጭ ሴት ልብስ ነው ብሎ ወደ ቤቷ መለሳት። እንግዲህ ቤተሰቡ ይህን ኑሮ ሸሽቶ ወደ ካሊፎርኒያ ወደ ኦክላንድ ከተማ ተሰደደ። ነገር ግን ኀዘን እዚያም ተከተላቸው፤ በ1946 ራሰል 12 ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች። አባቱም ከልጆቹ ላለመራቅ ሲል በብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ሥራ ይዞ አሳደጋቸው።

ታዲያ ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጐበዝ ተጫዋች ነበረ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ቀጭን፣ ዐይን አፋር፣ እጁና እግሩ እንደ ልቡ የማይታዘዙለት ልጅ ነበረ። ከሁለተኛ ደረጃ በፊት በነበረበት ትምህርት ቤት ከቡድኑ አስወጥተውት ነበር። መክላይመንድስ በሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜም እንደዚያው ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ሳለ፣ ጆርጅ ፓውልስ የተባለ መምህር ተመለከተው። ሚስተር ፓውልስ የታናናሾቹን ቡድን ያሠለጥን ነበር። ለቡድኑ የነበረው ማልያ 15 ብቻ ሲሆን ራሰል 16ኛው ልጅ ሆነ። መምህሩ ግን ማልያ አልቋልና ሂድ አላለውም። የመጨረሻውን ማልያ ከሌላ ልጅ ጋራ በተራ እንዲለብሱ አደረገ፤ አንዱ ዛሬ ለብሶ ሲሰለፍ ሌላው ከተመልካች ጋራ ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ ይለዋወጣሉ። ከዚህም በቀር ልጁ በየቀኑ እንዲለማመድ ለወጣቶች ክበብ መግቢያ የሚሆን ገንዘብ ከኪሱ ሰጠው።

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣ ይህን ታሪክ በንባብ ክፍላችን ሆነን ስናነብ ከዚህ ቦታ በደረስን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። ዝም ያልንበትን ምክንያት አሁን እንናገራለን።

በ10ኛ ክፍል ሳለን አንድ ረጅም ልጅ ከገጠር መጥቶ በክፍላችን ገባ። ቁመቱ ከመምህራኖቻችን ሁሉ ይበልጥ ነበር። ኳስ በእጁ ይዞ አያውቅምና፣ ስንወረውርለት ኳሱ ደረቱን መትቶ ይወድቅ ነበር። በዚህ ጊዜ እኛ ሣቅን። «የስልክ እንጨት» የሚል ስም አወጣንለት፤ ስሙም ከሜዳ ተነሥቶ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ምግብ ቤት ተከተለው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ሜዳ መምጣቱን ተወ። የቡድኑ አለቃ ከእኛው አንዱ ነበረና፣ ማልያውም ሞልቷል ብሎ ነገሩን ዘጋው። ያን ቀን ማንም ከእኛ መካከል ይህ ትክክል አይደለም ብሎ አልተናገረም። ጥፋቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የሁላችን ነው የምንለው ስለዚህ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንደሚባለው፣ እኛ በሳምንቱ ረሳነው፤ እርሱ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ኳስ በእጁ አልነካም።

አሁን ወደ ራሰል ታሪክ እንመለስ፤ ከሜዳ ያልተባረረው ልጅ ምን እንደ ሆነ እንይ።

ራሰል በልጅነቱ የኦክላንድን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያዘወትር ነበር። በዚያም የሚካኤል አንጀሎንና የሌኦናርዶ ዳ ቪንቺን ሥዕሎች ቅጂ ለረጅም ጊዜ እየተመለከተ፣ ከዚያ ሥዕሉን ሳያይ በልቡ የያዘውን በወረቀት ለመሣል ይሞክር ነበር። ሥዕሉ አልሆነለትም፤ ነገር ግን ያየውን በልብ የመያዝ ልማድ ቀረለት። በ1952 ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ከካሊፎርኒያ ተመርጠው ወደ ሰሜን ከሚጓዙ ተማሪዎች ጋራ ለጨዋታ ሄደ። በመንገድም ዐይኑን ጨፍኖ የጓደኞቹን እንቅስቃሴ ልክ እንደነዚያ ሥዕሎች በልቡ ይሥል ጀመር፤ እግራቸው የት እንደሚያርፍ፣ እጃቸው መቼ እንደሚነሣ። ከዚያም ሜዳ ሲገባ የሣለውን በሰውነቱ ይሠራው ነበር። የሥዕል ተማሪ መሆን ያቃተው ልጅ በዚህ መንገድ የኳስ ተማሪ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ሊቀበለው የፈለገ ኮሌጅ አንድ ብቻ ነበረ። እርሱም የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ ቤት ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ካህናት ያቋቋሙት ነው፤ በአገራችን በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማትም የዚሁ ማኅበር ካህን እንደ ነበሩ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ቀድሞ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ይጫወት የነበረ ሐል ደጁሊዮ የተባለ ሰው ራሰልን አይቶ፣ አጨዋወቱ ገና ያልተስተካከለ ቢሆንም ጨዋታ በሚከብድበት ሰዓት የሚሠራውን የሚያውቅ ልጅ መሆኑን ስላስተዋለ ነጻ የትምህርት ዕድል እንዲያገኝ አደረገ። ዩኒቨርሲቲውም በዚያ ዘመን የራሱ የመጫወቻ አዳራሽ እንኳ አልነበረውም። ቡድኑ በከተማው አዳራሽ በኬዛር ፓቪሊዮንና ባገኘበት ቦታ ሁሉ ይጫወት ነበር። እኛ ሜዳችን አቧራ ነው፣ ቅርጫታችን ዘሟል እያልን ስናማርር ለኖርነው ይህ ትልቅ ተግሣጽ ነው።

በኮሌጁ ውስጥ አብሮት የሚያድር ጓደኛው ኬ. ሲ. ጆንስ ይባል ነበር። ሁለቱ ልጆች ስለ ጨዋታው ማታ ማታ ሲከራከሩ፣ ኳሱ ከየት ቢጣል በየት በኩል እንደሚመለስ፣ ባላጋራ በየትኛው አቅጣጫ ቢሮጥ በየት ሊቀደም እንደሚችል እንደ ጂኦሜትሪ ትምህርት አድርገው ያጠኑት ነበር። በዚያ ዘመን ጥሩ ተከላካይ እግሩን ከመሬት አያነሣም የሚል ትምህርት ነበረ። ራሰል ግን ግራኝ ከመሆኑም በላይ ዘላይ ነበረ፤ በ1956 በከፍታ ዝላይ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ያህል ዘሏል። ስለዚህ ባላጋራ ኳሱን ሲለቅ እርሱ አብሮ ይነሣና ኳሱን በአየር ላይ ያገኘው ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው። ሌላ ሰው ኳስ ሲያከሽፍ ለማስጨብጨብ ወደ ተመልካች ያሽቀነጥረዋል፤ እንዲህ ሲሆን ግን ኳሱ ለባላጋራው ይመለሳል። ራሰል በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ወደ ጓደኞቹ ያሳልፈው ነበር። ጭብጨባውን ትቶ ኳሱን ያዘ ማለት ነው።

የመጀመሪያው የውድድር ዓመት እምብዛም አልተሳካም። ጆንስ ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ በትርፍ አንጀት ሕመም ምክንያት ዓመቱን በሙሉ ቀረ፤ ቡድኑም በ1953 እና 54 ዓመት 14 ጊዜ አሸንፎ 7 ጊዜ ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ጆንስ ተመለሰ። አሠልጣኙ ፊል ዉልፐርትም ራሰልን፣ ጆንስንና ሐል ፔሪን፣ ሦስቱንም ጥቁሮች፣ በመጀመሪያው አሰላለፍ ያሰልፍ ጀመር። ይህ በዚያ ዘመን እጅግ ያልተለመደ ነገር ስለ ነበረ ስድብ የሞላባቸው ደብዳቤዎች ደረሱት፤ እርሱ ግን አሰላለፉን አልለወጠም።

በታኅሣሥ ወር 1954 ቡድኑ ለውድድር ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ሄደ። በከተማው የነበሩት ሆቴሎች ጥቁሮቹን ልጆች አናሳድርም አሉ። በዚህ ጊዜ ነጮቹ ልጆች እናንተ ሌላ ቦታ ፈልጉ አላሏቸውም። ቡድኑ በሙሉ፣ ነጩም ጥቁሩም፣ ተማሪዎቹ ለበዓል ሄደው ባዶውን በቀረ የአንድ ኮሌጅ ማደሪያ ውስጥ አብሮ አደረ። በልምምድ ላይ ሳሉም ተመልካቾች እየተሳደቡ ሳንቲም ወረወሩባቸው። ራሰልም ሳንቲሞቹን ከወለሉ ላይ ለቀማቸውና እንዲያስቀምጥለት ለአሠልጣኙ ሰጠው። በመጨረሻም ውድድሩን አሸንፈው ተመለሱ። እነዚያ ነጮች ልጆች ያን ሌሊት የሠሩት ሥራ በነጥብ መዝገብ ላይ አልተጻፈም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ያ ቡድን አንድ ቡድን ለመሆኑ ምስክር ነው።

በዚያ ዓመት ቡድኑ የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. የተባለው ዩኒቨርሲቲ 47 ለ40 ያሸነፈበት ጨዋታ ነው። ከዚያ በኋላ ራሰል ኮሌጁን እስኪለቅ ድረስ 55 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ፤ እርሱ ከሄደም በኋላ ታናናሾቹ እስከ 60 አደረሱት። ይህም ክብረ ወሰን እስከ 1973 ድረስ ሳይሰበር ቆየ። በ1955 የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮና የመጨረሻ ጨዋታ በካንሳስ ሲቲ በተደረገ ጊዜ፣ ባላጋራቸው ላ ሳል የተባለው ኮሌጅ ነበረ። ላ ሳል ያለፈውን ዓመት ዋንጫ የወሰደ፣ ቶም ጎላ የተባለ ዝነኛ ተጫዋች ያለው ቡድን ነው። ሁሉም ሰው ጎላን ራሰል ይዞ እንደሚጫወት ይጠብቅ ነበር። አሠልጣኙ ግን በቁመት በጣም የሚያንሰውን ጆንስን ላከበት፤ ራሰልም በቅርጫቱ ሥር ሆኖ ከኋላ ጠበቀ። ሳን ፍራንሲስኮ 77 ለ63 አሸነፈ። ራሰል 23 ነጥብ አገባ፣ 25 ተመላሽ ኳስም ለቀመ፤ ጆንስ ደግሞ 24 ነጥብ አገባ። የውድድሩም ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ራሰል ተሰየመ።

አሁን የምንነግራችሁ ነገር ያስገርማችኋል። በዚያው ዓመት በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ማለት በገዛ ሰፈሩ፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚለው ሽልማት የተሰጠው ለእርሱ ሳይሆን ለሌላ ኮሌጅ ተጫዋች ነው። በአገሩ ሁሉ አንደኛ የተባለው ሰው በአንድ ግዛት እኩሌታ አንደኛ መሆን አቃተው ማለት ነው። ራሰል ይህ በደል ምን ጊዜም አልጠፋውም። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ወሰነ፤ ሽልማት የሰው አስተያየት ነው፣ ቡድን ያሸነፈው ጨዋታ ግን ማንም የማይፍቀው ነገር ነው ብሎ፣ የራሱን ነጥብ ሳይሆን የቡድኑን ድል የሥራው መለኪያ አደረገ።

ሕግ አውጪዎቹም ዝም አላሉም። አጥቂ በቅርጫቱ ሥር ካለው መስመር ውስጥ ከ3 ሴኮንድ በላይ እንዳይቆም ሕግ አለ። ይህም ቦታ ስፋቱ 6 ጫማ የነበረው ለ1955 እና 56 ውድድር 12 ጫማ ሆነ። ረጃጅሞቹን የመካከል ተጫዋቾች፣ ይልቁንም ራሰልን፣ ከቅርጫቱ ለማራቅ የታሰበ ነበር። ነገር ግን ቦታው ሲሰፋ የተቸገሩት እንደ እርሱ የማይሮጡት ሌሎች ረጃጅሞች ሆኑ። በዚያ ዓመት ሳን ፍራንሲስኮ 29 ጊዜ ተጫውቶ 29 ጊዜ አሸነፈ። በ1956 በኤቫንስተን በተደረገው የመጨረሻ ጨዋታ፣ ጆንስ በደንብ ምክንያት ሊሰለፍ ስላልተፈቀደለት፣ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ገና በመጀመሪያው 15 ለ4 መራ። ሰዉ አሁንስ አለቀላቸው ሲል፣ ቀስ በቀስ ደርሰው 83 ለ71 አሸነፉ። ራሰል በዚያ ቀን 26 ነጥብ አግብቶ 27 ተመላሽ ኳስ ለቀመ። አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ የኮሌጆችን ሻምፒዮና የወሰደ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። ራሰል በኮሌጅ በተጫወተባቸው ሦስት ዓመታት ቡድኑ 71 ጊዜ አሸንፎ 8 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ እርሱም በአማካይ በየጨዋታው 20.7 ነጥብና 20.3 ተመላሽ ኳስ ነበረው።

የኮሌጁን ዘመን እንደ ፈጸመ በ1956 በሜልቦርን በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ቡድን አለቃ ሆነ። ቡድኑ 8 ጊዜ ተጫውቶ ሁሉንም አሸነፈ፤ በመጨረሻውም ቀን ሶቪየት ኅብረትን 89 ለ55 ረታ። ይህ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ለእኛም ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የታየው በዚያ ነው። 12 ወንድሞቻችን በሩጫና በብስክሌት ተወዳድረው አንድም ሜዳይ ሳያገኙ ተመለሱ። ከእነርሱ አንዱ ማሞ ወልዴ ነበረ፤ በ800 እና በ1,500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው አላለፈም። አገሩ ግን አልጣለውም። ከ12 ዓመት በኋላ በ1968 በሜክሲኮ የማራቶንን ወርቅ ያመጣልን ያ በሜልቦርን ወደ ኋላ የቀረው ሰው ነው። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚሉት አባቶቻችን ይህን ዓይነቱን ነገር አይተው ነው። እንግዲህ በዚያ ዓመት በሜልቦርን ከነበሩት መካከል፣ አንድ ማልያ ለሁለት ይለብስ የነበረውና ከማጣሪያ ያላለፈው፣ ሁለቱም በመጀመሪያ ቀናቸው ተፈርዶባቸው ቢሆን ኖሮ ዓለም ስማቸውን ባልሰማ ነበር።

ከኮሌጅ በኋላ ያለውን ባጭሩ እንናገራለን። ራሰል በቦስተን ሴልቲክስ ቡድን 13 ዓመት ተጫውቶ 11 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በ1966 የዚያው ቡድን አሠልጣኝ ሲሆን፣ በአሜሪካ የባለሙያዎች ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ነበረ፤ በ1968 እና በ1969 እየተጫወተም እያሠለጠነም አሸነፈ። ስለ ጥቁር ሕዝብ መብት በመናገሩ ብዙ ጥላቻ ደርሶበታል፤ ቃሉን ግን አላጠፈም። በ2011 ፕሬዚዳንት ኦባማ የአገሪቱን ከፍተኛ የነጻነት ሜዳይ አጠለቁለት። በ2022 በ88 ዓመቱ ሲሞት፣ የለበሰው 6 ቍጥር በሊጉ ሁሉ ከዚያ ወዲያ ለአዲስ ተጫዋች እንዳይሰጥ ተወሰነ። ይህ ክብር ከእርሱ በፊት ለማንም አልተደረገም። በልጅነቱ ማልያ ያልደረሰው ሰው፣ በመጨረሻ ማልያውን ሌላ ሰው እንዳይለብሰው ሆነ።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ከዚህ ታሪክ የተማርነው ምንድር ነው? ብዙ ሰው የሚማረው ትጋትን ነው፤ እኛም እርሱን አንክድም። ነገር ግን ራሰል ምንም ቢተጋ፣ ሚስተር ፓውልስ 16ኛውን ልጅ መልሶት ቢሆን ኖሮ ትጋቱ በየት በኩል ይታይ ነበር? ፓውልስ ያደረገው ታላቅ ሥራ አይመስልም፤ ማልያ ለሁለት ከፈለ፣ ጥቂት ገንዘብም ሰጠ። ማንም ነጥብ አልቈጠረለትም። ነገር ግን የ55ቱ ድል፣ የ11ዱ ሻምፒዮና መጀመሪያ እርሱ ነው። ሰውን መጠበቅም እንደ መከላከል ያለ ሥራ ነው፤ አይቈጠርም፣ ጨዋታውን የሚያሸንፈው ግን እርሱ ነው።

ይህን ካነበብን በኋላ ተሰብስበን ወደዚያ ጓደኛችን ሄድን፤ በድለንሃልና ይቅር በለን አልነው። ዛሬ ከእኛ ጋራ ተቀምጧል። ስሙን እንዳንጠራ ለምኖናል፤ ታሪኩን እንድንናገር ግን ፈቅዷል። ትንሽ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ እንዲህ አለን፤ «እኔንስ ተዉት፣ ሁለት ዓመቱ አልፏል። ይልቅ ከ9ኛ ክፍል አንድ ልጅ ዘንድሮ በየቀኑ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ልምምዳችሁን ሲመለከት አላያችሁትምን?» በእውነቱ አላየነውም ነበር። ዓመቱን ሙሉ በዚያ ሜዳ ስንሮጥ ልጁ በዐይናችን ፊት ቆሞ ሳለ አላየነውም። ያየው ከዚያ ቦታ ተገፍቶ የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው።

በማግስቱ ያንን ልጅ ጠርተን ኳስ ሰጠነው። ኳሱ ከእጁ አመለጠው። ማንም አልሣቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው የሚያስተምረው፣ ሁለት ዓመት ኳስ ያልነካው ጓደኛችን ነው፤ እርሱም አብሮ ይማራል።

የትምህርት ቤቱ ቡድን ያለው ማልያ 12 ነው። እኛም ለስንብት ግብዣችን ካዋጣነው ገንዘብ ከፍለን 5 ማልያ አሰፍተናል፤ ዛሬ ለክቡር ዳይሬክተራችን እናስረክባለን። ስጦታው ትንሽ መሆኑን እናውቃለን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንደሚባለው ግን፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ክፍሎች በየዓመቱ ቢጨምሩበት አንድ ቀን ማልያ አልቋል የሚል ቃል በዚህ ግቢ አይሰማም ብለን ተስፋ እናደርጋለን። እስከዚያ ድረስ ቢጎድል ደግሞ፣ ታናናሾቻችን ሆይ፣ አንዱን ለሁለት ልበሱት። ይህን አደራ እንተውላችኋለን።

መምህራኖቻችንም ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናችኋለን። በየክፍላችን 16ኛ የነበርን ብዙዎች ነን፤ በሒሳብ 16ኛ የነበርን፣ በእንግሊዝኛ 16ኛ የነበርን አለን። አላባረራችሁንም። ይህንንም ዛሬ በአደባባይ ልንመሰክር ይገባናል።

 ለትምህርት ቤታችን ከ25 ዓመት የበለጠ ብዙ ዓመታት እንዲጨመርለት እንመኛለን።